ከበዓሉ በፊት ምን ነበር? የታሪክ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉዳይ ነው የያዘው፦ የጃማይካ ሕዝባዊ በዓላት ከየት መጡ? ለምን ጃማይካ ብሎ የሚጠይቅ ሻሸመኔን የማያውቅ ሰው ነው። ጃማይካ ሰፈር እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ብዙ ተማሪዎቻችን ጠዋትና ማታ በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ ከክበቡ አባላት መካከልም አያቶቻቸው ከዚያ ደሴት የመጡ አሉ። ሆኖም መስከረም ላይ ስለ ጃማይካ ምን ታውቃላችሁ ብዬ ስጠይቅ የመጣው መልስ ሬጌ፣ ቦብ ማርሌይና ዩሴን ቦልት ነበር። እሱ ጥሩ ነው። ግን ሃምሳ ስድሳ ዓመት አብሮን ስለኖረ ጎረቤት ከዚህ የበለጠ ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

በዓላትን የመረጥነው አንድ አገር ምን ማስታወስ እንደሚፈልግ ቶሎ የሚታየው በካሌንደሩ ላይ ስለሆነ ነው። ጃማይካ ውስጥ በዓመት 10 ሕዝባዊ በዓላት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ዓመት፣ የምዕራባውያኑ ጾም የሚገባበት ረቡዕ፣ ስቅለት፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ገናና የገና ማግሥት በቀላሉ የሚገቡን ናቸው። እኛን የያዙን የቀሩት አራቱ ናቸው፦ የጀግኖች ቀን፣ የሠራተኞች ቀን፣ ከባርነት ነጻ የወጡበት ቀን እና የነጻነት ቀን። እያንዳንዱን በዓል ስናነሣ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረን። ከዚህ በዓል በፊት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር? ጥያቄውን ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በአቡጀዲ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ እስከ ሰኔ ድረስ የክበቡ ግድግዳ ላይ ነበር። (ከዚህ በታች የጃማይካ ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብያለሁ።)

መጀመሪያ የደረሰልን የብሔራዊ ጀግኖች ቀን ነው። በየዓመቱ በኦክቶበር ሦስተኛው ሰኞ ይውላል፤ ዘንድሮ ጥቅምት 11 ነበር። ከዚያ በፊትስ? የእንግሊዝ ንግሥት ልደት! ጁን ላይ የንግሥቲቱን ልደት ያከብር የነበረ አገር በ1960ዎቹ መጨረሻ ያንን አነሣና ለራሱ ጀግኖች ቀን ሰጠ። ኪንግስተን ያለው የጀግኖች መናፈሻ ራሱ ታሪኩ እንዲሁ ነው። ድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር፤ ቀጥሎ በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ስም ተጠራ፤ አሁን የብሔራዊ ጀግኖች መናፈሻ ይባላል።

ጀግኖቹ ሰባት ናቸው። ከሰባቱ ሴት ናኒ ብቻ ናት። ናኒ ከባርነት አምልጠው ተራራ ላይ ይኖሩ የነበሩትን ማሩኖች የመራች ናት። እንግሊዞች በጦርነት ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ በ1739 እና 1740 ከማሩኖቹ ጋር ውል እስከመዋዋል ደርሰዋል። ሴት ተማሪዎቻችን ናኒን ለሌላ አሳልፈው አልሰጡም፤ የግድግዳ ጋዜጣው የመጀመሪያ እትም ግማሹ ስለ እሷ ነበር። ማርከስ ጋርቬይን የወሰደው ቡድን ደግሞ ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን ክር አገኘ። ጋርቬይ የመሠረተው የጥቁር ሕዝቦች ማኅበር በ1920 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጥቁሮች ሁሉ መዝሙር ብሎ ያጸደቀው ኢትዮጵያን የአባቶቻችን አገር እያለ የሚጠራ መዝሙር ነው። ጃንሆይ ገና ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም ነበር። ልጆቹ ራስታዎች ሻሸመኔ የመጡበት መንገድ ከዘውዱ በፊት እንደጀመረ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ለአንድ የታሪክ መምህር ትልቅ ደስታ ነው። ጋርቬይ በ1940 ለንደን ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ወደ አገሩ የገባው በ1964 ነው፤ የመጀመሪያው ብሔራዊ ጀግናም እሱ ሆነ።

ከሁሉም በላይ ግን ክበቡን የያዘው የፖል ቦግል ታሪክ ነው። ባርነት ከቀረ 27 ዓመት አልፏል፣ ሰዎቹ ግን መሬት የላቸውም፣ ቀረጡ ከባድ ነው፣ ፍርድ ቤቱ የባለርስቶቹ ነው። ቦግል የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። በ1865 ክረምት ላይ አቤቱታውን ለአገረ ገዥው ለማቅረብ ከመንደሩ ከስቶኒ ገት ተነሥቶ ከሰዎቹ ጋር ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ሄዶ ስፓኒሽ ታውን ደረሰ። አገረ ገዥው አላነጋግርም አለ። ተመለሱ። ኦክቶበር 11 ቀን ቦግልና ተከታዮቹ ሞራንት ቤይ ወዳለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሚሊሻው ተኮሰ፣ ሰዎች ወደቁ፣ ሕዝቡም ሕንፃውን በእሳት ለቀቀው። አገረ ገዥው ኤድዋርድ ኤር ወታደር ላከ። ከ400 በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ 600 ያህል ተገረፉ፣ ወደ 1,000 የሚሆኑ ቤቶች ተቃጠሉ። ቦግል ተሰቀለ። የምክር ቤት አባሉ ጆርጅ ዊልያም ጎርደን ደግሞ እዚያ ቦታ ጭራሽ አልነበረም። የወታደራዊ ሕግ ካልታወጀበት ከኪንግስተን ይዘው፣ በመርከብ ጭነው፣ ወታደራዊው ሕግ ወደሚሠራበት ሞራንት ቤይ ወስደው ሰቀሉት። ከሰባቱ ጀግኖች ሁለቱ እነዚህ ናቸው።

ይህን ጭውውት አድርገን ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በኋላ አቀረብነው። ልጆቹ የመረጡት ግጭቱን አይደለም፤ ከስፓኒሽ ታውን መልሱን ሳያገኙ የተመለሱበትን መንገድ ነው። ሜዳውን ዞረው፣ ዝም ብለው፣ በተማሪው ፊት ሲያልፉ ሰልፉ ውስጥ ጉምጉምታ እንኳ አልነበረም። ይህን ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ስሙን በዚህ መጽሔት ላይ ላለመጥቀስ የተስማማነው የ11ኛ ክፍል ልጅ በጣም ሊመሰገን ይገባል።

ታኅሣሥ ላይ ገናን በቀላሉ አልፈነው ነበር፤ ከዚያ የገና ማግሥትን ስንመረምር ሳም ሻርፕ ጋ ደረስን። ለባሮች በገና ሰሞን ጥቂት ቀን ዕረፍት ይሰጣቸው ነበር። ለሌላው ሰው የጭፈራ ቀን ይመስላል፤ ሻርፕ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ሰዎች ከእርሻ ወደ እርሻ ሄደው መገናኘት ይችላሉ። ሻርፕ ማንበብ የሚችል የባፕቲስት ዲያቆን ነበር፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ባርነት የሚከራከረውን በጋዜጣ እያነበበ ለሌሎች ይነግር ነበር። ዕቅዱ በ1831 ገና ካለፈ በኋላ ደመወዝ ካልተከፈለን ወደ ሥራ አንመለስም ማለት ነበር። በዘመናችን ቋንቋ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ዲሴምበር 27 ማታ አንድ ኮረብታ ላይ ያለ እርሻ ተቃጠለ፣ ነገሩም ከእጃቸው ወጥቶ ዐመፅ ሆነ፤ እስከ 60,000 የሚገመቱ ባሮች ተሳትፈውበታል። ከ300 በላይ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው የሞት ቅጣት ተፈጸመባቸው። ሻርፕን በ1832 ሞንቴጎ ቤይ አደባባይ ላይ ሰቀሉት፤ ያ አደባባይ ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1833፣ ፓርላማው ባርነትን የሚሽረውን ሕግ አወጣ።

ሻርፕ የተሰቀለበት ቀን ሜይ 23 ነው። ይህን ቀን ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኦገስት 1። ኦገስት በእኛ ክረምት ስለሆነና ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሁለቱን የኦገስት በዓላት ወደ የካቲት አመጣናቸው። ነጻ የወጡበት ቀን ሲባል ተማሪው አንድ ጠዋት ሁሉም ሰንሰለቱን ጥሎ የሄደ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው፤ ወዲያው ነጻ የወጡት ግን ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ የሙያ ተለማማጅ ተብሎ በሳምንት 40 ሰዓት ተኩል ለዚያው ጌታው ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተደረገ። ዕድሜ ልክ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጥ የኖረን ሰው ምን እንዲለማመድ ነው? ይህን ጥያቄ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በንዴት ነው የጠየቀችው፣ እኔም ከእሷ የተሻለ አልልም። ካሳ ተከፍሏል ወይ? አዎ፣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ያውም ለባለባሪያዎቹ። ለባሮቹ አንዲት ሳንቲም አልተሰጠም። ይህ ቁጥር ክበቡ ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ በላይ ያስቆጣ ቁጥር ነው፤ በሚኒ ሚዲያ ከተነበበ በኋላ ክበቡን የማያውቁ ተማሪዎች እንኳ መጥተው እውነት ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

ሙሉው ነጻነት የመጣው ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። ዋዜማው ማታ ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ እኩለ ሌሊትን ጠበቀ። ፋልማውዝ በተባለች ከተማ፣ ፓስተር ዊልያም ኒብ ባሉበት፣ ምእመናኑ ጅራፍ፣ ሰንሰለትና የአንገት ብረት ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከትተው ቀበሩ። በክበባት ቀን ኤግዚቢሽን ያያችሁት ካርቶን ሣጥን ይህ ነው። ወላጆች ለምን የሬሳ ሣጥን ትምህርት ቤት ገባ ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ነው እዚህ ላይ የማብራራው። ልጆቹ ሣጥኑን በጥቁር ወረቀት ሸፍነው፣ ጅራፉን ከገመድ ሠርተው፣ አጠገቡ ቆመው ለእያንዳንዱ ጎብኚ ሲያስረዱ ነው የዋሉት።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጃማይካ በ1962 ነጻ መንግሥት ስትሆን የኦገስት 1 በዓል ከካሌንደር ተነሣ። የነጻነት ቀን ኦገስት 6 ሆነና ያኛው ቀረ። ወደ ካሌንደሩ የተመለሰው በ1997፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ፒ ጄ ፓተርሰን ጊዜ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት! ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። አንዱ ወገን አዲስ አገር ወደ ፊት ማየት አለበት፣ በአንድ ሳምንት ሁለት በዓል ምን ያደርጋል፣ የነጻነት ቀን ሁሉንም ይይዛል አለ። ሌላው ወገን ባንዲራ መለወጥና ሰው ከመሸጥ መዳን አንድ አይደሉም፣ ኦገስት 6ን የፈረሙት ባለሥልጣናት ናቸው፣ ኦገስት 1ን ያመጡት ግን እነ ሻርፕ ናቸው ብሎ ሞገተ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነኝ። አያቶቹ ስለተሸጡ የሚያፍር ትውልድ ማሳደግ አይገባም፤ የሚያፍረው የሸጠው ነው።

በዚያ ክርክር ላይ ከጃማይካ ሰፈር አንድ አባት በእንግድነት ተጋብዘው ነበር። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ልጆቹ አባባ ነው የሚሏቸው። በ1962 ገና ልጅ ነበሩ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ ጥቁሩ፣ አረንጓዴውና ወርቃማው ሲሰቀል ከእናታቸው ጋር በጎረቤት ሬዲዮ እንደሰሙ ነገሩን። ከሁሉም ያስደነቀን ግን ስለ አያታቸው ያሉት ነው። ኦገስት 1 ከካሌንደር ከወጣ በኋላም አያታቸው በዚያ ቀን ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውን አልተዉም፤ መንግሥት ቢሰርዘው እኔ አልሰርዘውም ይሉ ነበር አሉን። የተከራካሪዎቹ ነጥብ ተደምሮ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ውጤቱን አልጠየቀም።

ስለ ነጻነት ቀን ራሱ ብዙ አልቆየንም። እንግሊዞች ደሴቱን ከስፔን የወሰዱት በ1655 ስለሆነ ከ300 ዓመት በላይ ገዝተዋል። ጃማይካ መጀመሪያ ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ጋር በፌዴሬሽን ነበረች፤ በሴፕቴምበር 1961 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አብላጫው እንውጣ አለ፣ በዓመቱ ብቻዋን ነጻ ወጣች። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሳንደር ባስታማንቴ ሆነ። ባስታማንቴ የሞተው በ1977 ነው፣ ያውም ኦገስት 6፣ በነጻነት ቀን።

ሚያዝያ 13 ሕዝባዊ በዓል አይደለም፤ ግን ሻሸመኔ ተቀምጦ ይህን ቀን ማለፍ አይቻልም። ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ጃንሆይ ኪንግስተን ያረፉበት ቀን ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ነበር፤ ሰው አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ከበበው። ጃንሆይ ወደ ውስጥ ተመለሱ፣ መውረድም አልቻሉም፤ በመጨረሻ ከራስታ መሪዎች አንዱ፣ ሞርቲመር ፕላኖ፣ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን አረጋግቶ መንገድ አስከፈተ። ከዚያ በፊት ራስታ መሆን በጃማይካ የሚያስንቅና የሚያስደበድብ ነገር ነበር። በዚያ ቀን ባለሥልጣናቱ እንግዳቸውን ለማውረድ የራስታ ሰው አስፈለጋቸው። ዘንድሮ ሚያዝያ 13 የፋሲካ ማግሥት ስለነበር ጃማይካም በሌላ ምክንያት ዝግ ነበረች፣ የእኛም ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ የክበቡ አባላት ግን ሰፈሩ ውስጥ በነበረው የከበሮ ሥነ ሥርዓት ላይ ተጋብዘው ሄደዋል። ጋባዦቻችንን ከልብ እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ሜይ 23፣ ማለትም ግንቦት 15። ይህ የጃማይካ የሠራተኞች ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የኢምፓየር ቀን ነው፤ ሜይ 24 የንግሥት ቪክቶሪያ ልደት ሲሆን የትምህርት ቤት ልጆች የእንግሊዝን ባንዲራ ይዘው ያከብሩት ነበር። በ1961 ያ ቀረና የ1938ቱ ሠራተኞች ቀን ተተካ። በ1938 ፍሮም በተባለ ቦታ አዲስ የስኳር ፋብሪካ ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ፈላጊ መጣ። ክፍያው እንደተወራው ሳይሆን ቀረ፣ ሠራተኛው ተነሣ፣ ፖሊስ ተኩስ ከፈተ፣ አራት ሰው ሞተ። ቁጣው ኪንግስተን ደርሶ ወደቡ ቆመ፤ ሜይ 23 ከተማው ሁሉ ቆመ። በማግሥቱ ባስታማንቴ ታሰረ፤ የአክስቱ ልጅ ኖርማን ማንሊ ጠበቃ ነበርና በሠራተኛውና በመንግሥት መካከል ገብቶ ተደራደረ። ሁለቱ በኋላ ሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎችን መሠረቱ። ሁለቱም ዛሬ ብሔራዊ ጀግኖች ናቸው። ተፎካካሪዎች በአንድ መናፈሻ፣ በአንድ በዓል ሲታሰቡ ማየት ለልጆቻችን ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ረጅም ሰዓት ተወያይተንበታል።

ቅድም ያዙት ያልኩት ቀን እዚህ ይመጣል። ሳም ሻርፕ ያለ ደመወዝ አንሠራም ብሎ ሜይ 23 ቀን 1832 ተሰቀለ። ከ106 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ የልጅ ልጆቹ ልጆች ደመወዛችን አይበቃንም ብለው ኪንግስተንን አቆሙ። ቀኑን ማንም አስቦ አልመረጠውም። ይህን ያገጣጠመው የጊዜ ሰሌዳውን አቡጀዲ ላይ ሲጽፍ የነበረ ተማሪ ነው፤ ጮኾ ነው የጠራን።

በ1972 ጠቅላይ ሚኒስትር ማይክል ማንሊ፣ የኖርማን ልጅ፣ ይህን በዓል ከሰልፍ ወደ ሥራ ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ጃማይካውያን በሠራተኞች ቀን ወጥተው ትምህርት ቤት ይቀባሉ፣ መንገድ ያጸዳሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ። እኛም ግንቦት 15 ከሰዓት በኋላ ወጣን። የቤተ መጻሕፍቱን አጥር ቀባን፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ ጠረግን። የጥበቃ ሠራተኞቻችንና የጽዳት እናቶቻችን በዚያ ቀን እንዲቀመጡ ተደርጎ ሻይ ያቀረቡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ይህ ነገር በየዓመቱ እንዲቀጥል ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ጠይቀናል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ራሳችን መዞሩ አይቀርም ነበር። ቲቸር የእኛስ? ሚያዝያ 27ን አነሣን። ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው፤ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። በደርግ ጊዜ ግን የድል በዓል የሚከበረው መጋቢት 28 ነበር፤ ከተማዋ ከጣሊያን የተለቀቀችበት ቀን። ከደርግ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ልጆቹ ይህን ወላጆቻቸውን ሲጠይቁ ብዙዎቹ የሚያስታውሱ ሆነው ተገኙ፤ አንዲት እናት መጋቢት 28 ቀን የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ያሳለፉትን ጠዋት ለልጃቸው ጽፈው ልከውልናል። አርበኞቹ ያው ናቸው፣ ድሉም ያው ነው፤ ቀኑን የሚመርጠው ግን መንግሥት ነው። ጃማይካ ላይ የተማሩትን መጠየቅ እዚህ ሲያዞሩት እንዴት እንደበሰሉ አየሁ።

ስለዚህ የ2018 ዓ.ም. ሥራችን የእኛው በዓላት ናቸው። ክበቡ እንደ ዘንድሮው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ አዲስ አባላት መስከረም ላይ ከክበቡ ጸሐፊ ጋር ተመዝገቡ፣ 9ኛ ክፍል የምትገቡ በተለይ። ወላጆችን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። በጃንሆይ ወይም በደርግ ዘመን የታተመ የግድግዳ ካሌንደር፣ የባንክም ይሁን የመድን ድርጅት፣ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። በልጃችሁ እጅ ላኩልን፤ ፎቶ አንሥተን በሳምንቱ እንመልሳለን።